ቴኒስና ፒክልቦል አንድ ሜዳ ላይ፦ ሳትጣሉ እንዴት እንደምትጠቀሙበት

ሰላም ጎበዝ፣ ሰሞኑን "እናንተ ጋ ግን ቴኒሶቹና ፒክልቦሎቹ አንድ ሜዳ ላይ እንዴት ተስማማችሁ?" እያለ የሚደውልልኝ ሰው ስለበዛ ለእያንዳንዱ ከማወራ በቃ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል ብዬ ነው። እኔ የቴኒስ ኳስ እያነሳሁ ያደግኩ ልጅ ነኝ፣ ፒክልቦል ደሞ የጀመርኩት ዘመዴ ከአሜሪካ ሲመጣ አራት ፓድል (የፒክልቦል መምቻ) ሻንጣው ውስጥ ሸጉጦ ስላመጣልኝ ነው፣ ስለዚ የሁለቱንም ወገን እሮሮ ከነግልምጫው አውቀዋለሁ።

ለማያውቀው ባጭሩ፦ ፒክልቦል እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1965 አሜሪካ ዋሽንግተን ስቴት፣ ቤይንብሪጅ የምትባል ደሴት ላይ፣ በበጋ እረፍት ለሰለቻቸው ቤተሰቦች ተብሎ የተፈጠረ ጨዋታ ነው፣ ብዙ ቀዳዳ ያላት የፕላስቲክ ኳስ በጠፍጣፋ ፓድል እየመታህ በመረብ ላይ ታሳልፋለህ፣ የቴኒስና የፒንግፖንግ ልጅ በለው። ሜዳው ግን ትንሽዬ ነው፣ 13.41 በ6.10 ሜትር፣ የቴኒስ ደሞ 23.77 በ10.97። ጭቅጭቁ የሚመጣው ከዚች ሂሳብ ነው። አንድ የቴኒስ ሜዳ ላይ ደብል ቢጫወቱ አራት ሰው ነው፣ እዛው አጥር ውስጥ ተንቀሳቃሽ መረብ ካለህና ዙሪያው ሰፊ ከሆነ ግን አራት የፒክልቦል ሜዳ ይወጣዋል፣ አስራ ስድስት ሰው ማለት ነው። የፒክልቦሉ ወገን "እኛ እንበዛለን" ይላል፣ የቴኒሱ ወገን "እኛ ቀድመናል፣ ሜዳውም የተሰራው ለቴኒስ ነው" ይላል፣ ሁለቱም እውነታቸውን ነው፣ ለዛም ነው ማን መብት አለው እያሉ መከራከር የትም የማያደርሰው።

የኛ ነገር የጀመረው አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ከአራት ኪሎ ዝቅ ብሎ ያለው ሜዳችን ጋ ሰባት ሆነን ሄድን፣ ባዶ ነበር፣ ደስ አለን፣ ፕላስተር ለጥፈን መስመር ሰርተን እየተጯጯህን አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ቆየን፣ ቀና ስል አንድ ጋሼ ራኬታቸውን ብብታቸው ስር አርገው በሩ ላይ ቆመዋል። መቼ እንደመጡ ማንም ልብ አላለም። "ጋሼ ይግቡ፣ ይግቡ" ስላቸው "አይ እናንተ ጨርሱ" አሉኝ፣ የሃበሻ "ጨርሱ" ደሞ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ይቅርታ ጠይቄ ፕላስተሩን መላጥ ስጀምር ጎንበስ ብለው አብረውኝ መላጥ ጀመሩ፣ ሼም ሊገለኝ ነው፣ እየላጡም "ልጄ፣ ያናደደኝ ፕላስተሩ አደለም፣ ከናንተ አንዱ እንኳን ቀና ብሎ 'ጋሼ እስከዚ ሰዓት ነን' አላለኝም" አሉ።

ከዛን ቀን ጀምሮ የገባኝ ነገር ጠቡ የጨዋታ ሳይሆን የሰዓት እንደሆነ ነው። ስለዚ ፕላስተር ከመግዛታችሁ በፊት ሰዓት ተከፋፈሉ።

ይሄን ደሞ ቴሌግራም ላይ አትሞክሩት። ሞክረነዋል፣ በሁለተኛው ቀን ሰው ቮይስ እየላከ መሰዳደብ ጀመረ። ከየወገኑ ሁለት ሦስት ሰው ማኪያቶ ላይ ቁጭ በሉ፣ ሜዳው የወጣት ማዕከል ወይ የወረዳ ከሆነ አስተዳዳሪውን አስፈቅዱ፣ ጥበቃውንም ጥሩት፣ ቁልፉ እሱ ጋ ነው፣ ማን መቼ እንደመጣ በትክክል የሚያውቀውም እሱ ነው፣ ከጥበቃው ጋር ያልተስማማ ሰው ሜዳ ላይ አይሰነብትም። ልጆች የሚያሰለጥን አሰልጣኝ ካለ ደሞ እሱ የግድ ይኑር፣ እኛ መዝናኛ ፍለጋ ነው የምንሄደው እሱ ግን እንጀራው ነው፣ ልጆቹ ከትምህርት ቤት የሚወጡበት ከ10 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ተኩል ያለው ጊዜ የሱ ነው ብላችሁ መጀመሪያውኑ አውጡት፣ አትደራደሩበት።

የቀረውን እንዴት እንደከፈልነው ልንገራችሁ፣ ዝም ብሎ እኩል መቁረጥ አያዋጣም ምክንያቱም ሁለቱ ጨዋታዎች የሚስማማቸው ሰዓት ይለያያል። የፒክልቦል ኳስ ከ22 እስከ 26 ግራም ብትመዝን ነው፣ የቴኒስ ኳስ ከ56 ግራም በላይ ነው፣ ስለዚ በበጋ ከሰዓት ንፋስ ሲነሳ የፒክልቦሏ ኳስ እንደ ፌስታል ነው የምትንሳፈፈው፣ ቴኒስ ግን እንደምንም ይቻላል። በሌላ በኩል ፒክልቦል ድምጹ ይረብሻል፣ ደረቅ ፓድል ደረቅ ፕላስቲክ ሲመታ ቷ ቷ የሚል ነገር ነው፣ ቴኒስ ግን ድምጹ ወፈር ያለ ነው፣ የተኛ ሰው አይቀሰቅስም። በዚ ምክንያት ንጋት ላይ ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 1 ሰዓት ተሩብ ቴኒስ፣ ከዛ ጎረቤት ሁሉ ሲነሳ እስከ 2 ሰዓት ተኩል ፒክልቦል፣ ከ2 ሰዓት ተኩል በኋላ ሰራተኛው ቢሮ ስለሚገባ የጡረታ ሰዎችና የራሳችን ስራ ያለን ሰዎች ቀድሞ በመጣ እንጠቀማለን፣ አመሻሽ ላይ ሰኞ ረቡዕ አርብ ቴኒስ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ፒክልቦል። ቴኒሶቹ ጠዋት ላይ አርባ አምስት ደቂቃ ብቻ አገኘን ብለው አጉረምርመው ነበር፣ ልክ ናቸው፣ ለዛ ነው አመሻሹ ሦስቱ ቀን የነሱ የሆነው። ቅዳሜ ጠዋት ተቀያያሪ ነው፣ አንዱ ሳምንት ለኛ አንዱ ለነሱ። እሁድ ቅዳሴ እስኪወጣ ፓድል አይነሳም፣ ቤተክርስቲያን አጠገባችን ነው፣ ይሄኛው ላይ ድምጽ መስጠት እንኳን አላስፈለገም።

ሰዓቱን በወረቀት አትማችሁ ፕላስቲክ አልብሳችሁ በሩ ላይ ስቀሉት፣ በኛም በፈረንጅም ሰዓት ይጻፍ። መሀል ከተማ ነው ያለነው፣ ኤምባሲ ምናምን የሚሰራ ሰው ይመጣል፣ አንዱ ፈረንጅ "3 ሰዓት ና" ስንለው 9 ሰዓት ላይ ፀሐይ ውስጥ ብቻውን ቆሞ ነው የተገኘው፣ በሱ ቤት ልክ 3 ሰዓት ነበር ምስኪን።

ወረፋ ላይ እንምጣ። ድሮ ቦኖ ውሃ ስንቀዳ ጄሪካን ደርድረን አልነበር እንዴ፣ ሰውየው ጥላ ስር ተቀምጦ ያወራል፣ ጄሪካኑ ተራ ይጠብቅለታል። እዚም እንደዛ ነው። የደረሰ ሰው ፓድሉን ወይ ራኬቱን አጥሩ ላይ በተራ ይሰካል፣ ግራ ጫፍ ያለው ቀጣይ ነው፣ ሰው ገብቶ ሲጫወት የተቀሩት ወደ ግራ ይገፋሉ፣ ክርክር የለም። አንድ ራኬት ማለት እዛው የቆመ አንድ ሰው ማለት ነው፣ መገናኛ ሆኖ "ደርሻለሁ" ለሚል ጓደኛ ራኬት አይሰካም፣ ይሄን ህግ ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ መጀመሪያ የጣስኩትም እኔ ነኝ።

ምን ያህል ይቆዩ ለሚለው ለሁለቱ አንድ አይነት መለኪያ አይሰራም። ፒክልቦል በ11 ነጥብ ያልቃል፣ በሁለት መብለጥ አለብህ፣ ብዙ ጊዜ ከሃያ ደቂቃ አይበልጥም፣ ስለዚ ወረፋ ካለ አንድ ጌም ተጫውቶ አራቱም ይውጡ። "አሸናፊ ይቀጥላል" የሚለውን የሰፈር ኳስ ህግ አታምጡት፣ ጎበዞቹ ጠዋቱን ሙሉ እዛው ይከርማሉ ጀማሪው ቆሞ ያያል። ቴኒስ ግን በሴት (set፣ የቴኒሱን ዙር ማለቴ ነው) ከተለካ መጨረሻው አይታወቅም፣ ሁለት እልኸኞች ከገጠሙ አንዱ ሴት ብቻ አንድ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል፣ ስለዚ ቴኒስን በሰዓት ለኩት፣ የጋራ በሆነው ጊዜ ሲንግል አርባ አምስት ደቂቃ፣ ደብል አንድ ሰዓት። ብቻውን ኳስ በቅርጫት ሞልቶ መጥቶ ሰርቭ (ጨዋታ ማስጀመሪያውን ምት) የሚለማመድ ሰው ደሞ ወረፋ ከመጣ ይለቃል፣ ወይ ደሞ አስገብቷቸው አብሯቸው ይጫወታል፣ ሁለተኛው የሚሻል ይመስለኛል።

አሁን መረቡ፣ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚ ጋ ነው። የቴኒስ መረብ ምሰሶው ጋ 1.07 ሜትር፣ መሃሉ ላይ 91.4 ሳንቲም ነው። የፒክልቦል ጎኑ ላይ 91.4፣ መሃሉ ላይ 86.4 ነው። ልዩነቷ መሃል ላይ አምስት ሳንቲም ናት፣ እሷን ለማግኘት ብሎ ምሰሶው ላይ ያለውን የሽቦ መወጠሪያ የሚያላላ ሰው አለ፣ በፍጹም አታርጉት፣ ሽቦው ይላላል፣ ሲወጥሩት ይበጠሳል፣ መረብ ደሞ ዛሬ ስንት እንደሆነ አትጠይቁኝ። መሃል ላይ ወደታች የሚጎትተው ቀበቶ አለ አደል፣ እሱን ብቻ ሳብ አርጉት። ጎኑ ከሚፈለገው ትንሽ ከፍ ይላል፣ ለኛ አይነቱ ጨዋታ ምንም አይልም። ስትጨርሱ ግን ወደ 91.4 መልሱት፣ መልሱት ስላችሁ እየማልኩባችሁ ነው፣ ቴኒስ ተጫዋች መረቡ አምስት ሳንቲም ዝቅ ብሎ ቢያገኘው መጀመሪያ አይነቃም፣ ዛሬ ሰርቬ እንዴት ገባልኝ ብሎ ይደሰታል፣ ከዛ ሲነቃ ነው ጉዱ።

ሜትር ይዞ የሚመጣ ሰው ስለሌለ የኛ ጥበቃ የፈጠረልን ነገር አለ። ሜዳ የምንጠርግበት መጥረጊያ ረጅም እንጨት አለው፣ እሱ ላይ በቢላ ሁለት ምልክት ቆረጠ፣ የታችኛው 86.4 የላይኛው 91.4፣ የታችኛውን በቀይ እስክሪብቶ አቀላው። መጥረጊያውን መረቡ መሃል ገትረህ ታያለህ፣ አለቀ። መጥረጊያው ሩቅ ከሆነ ደሞ የድሮው የቴኒስ ዘዴ አለ፣ አንዱን ራኬት ገትረህ ሌላውን ጭንቅላቱን አግድም አናቱ ላይ ስታስቀምጥ ወደ 91 ይጠጋል።

መስመር በተመለከተ ደሞ ብዙ ሰው የማያውቀው ደስ የሚል ነገር አለ፣ ግማሹ ስራ አልቆ ነው የሚጠብቃችሁ። የቴኒስ ሰርቪስ መስመር (በመረቡና በኋላ መስመሩ መሃል ያለው አግድም መስመር) ከመረቡ 6.40 ሜትር ነው፣ የፒክልቦል የኋላ መስመር 6.70 ነው፣ ከሰርቪስ መስመሩ አንድ ጫማ (30 ሳንቲም) ያህል ብቻ ወደኋላ ማለት ነው፣ እሱን መነሻ ታደርጋላችሁ፣ የመሃሉም መስመር እንዳለ ይሰራል። ስለዚ የሚጎድላችሁ ሁለት ነገር ነው፣ ጎኑ፣ ማለትም ከመሃል መስመሩ ግራና ቀኝ 3.05 ሜትር፣ እና ከመረቡ 2.13 ሜትር ላይ ያለው መስመር፣ ከሱ አልፈህ ወደ መረቡ ተጠግተህ ኳሷን መሬት ሳትነካ በአየር መምታት ክልክል ነው። ፈረንጆቹ ኪችን ይሉታል፣ እኛ ማድ ቤት ብለነዋል፣ "ማድ ቤት ገብተሃል!" ሲባል ሜዳው ሁሉ ይስቃል፣ ጋሼ ራሳቸው አሁን አሁን ከውጭ ሆነው ይጮሃሉ።

መስመሩን በምን ትሰሩታላችሁ? ካርቶን ማሸጊያ ስኮች አይሆንም፣ ፀሐይ ሲመታው ሙጫው ሜዳው ላይ ይቀራል። ቀለም ቀቢዎች የሚጠቀሙበት የወረቀት ፕላስተር ይሻላል፣ ግን አቧራ ላይ አይዝም፣ መጀመሪያ መጥረግ ነው። እኛ በመጨረሻ የተስማማነው በከመነዳሪ ነው፣ ጎሚስታ ጋ የተጣለ የመኪና ከመነዳሪ ለምነን በአምስት ሳንቲም ስፋት ቆራርጠን ቢጫ ቀባነው፣ ማዕዘኖቹና ማድ ቤቱ ላይ ብቻ ነው የምናነጥፈው፣ ለማንሳት አንድ ደቂቃ አይፈጅም፣ ቴኒስ ሲጀመር ግን አንድም ቁራጭ መቅረት የለበትም፣ እየሮጠ የረገጠው ሰው ይንሸራተታል። ቋሚ ቀለም መቀባት ከፈለጋችሁ ሁለቱም ወገን ተስማምቶ አስተዳደሩ ሲፈቅድ ብቻ፣ እሱም ነጭ ሳይሆን ከሜዳው ቀለም ጋር ተቀራራቢ ይሁን፣ ሜዳው አረንጓዴ ከሆነ ፈካ ያለ አረንጓዴ፣ ቴኒሱ ሰውዬ የራሱን ነጭ መስመር ሳይደናገር እንዲያይ።

ቀይ አፈር የሆነ የቴኒስ ሜዳ ላይ ግን ፒክልቦልን እርሱት። ኳሷ አትነጥርም፣ አፈሩንም ታበላሻላችሁ፣ ያን ሜዳ በየቀኑ ውሃ እያጠጣ የሚንከባከበው ሰው አለ። ሲሚንቶና አስፋልት ላይ ብቻ ነው።

ሁለት የቴኒስ ሜዳ ጎን ለጎን ካላችሁ፣ አንዱን ለዚ አንዱን ለዛ ማድረግ ይቻላል፣ ያኔ ዋናው ጣጣ ኳስ ነው። አዲስ አበባ ወደ 2,350 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ አየሩ ስስ ነው፣ የዓለም አቀፉ ቴኒስ ፌዴሬሽን ከ1,219 ሜትር በላይ ለሆነ ቦታ ለብቻው የከፍታ ኳስ አለው፣ እኛ ግን የተገኘውን ኳስ ነው የምንጫወተው፣ ስለዚ ትበራለች፣ ጎረቤት ሜዳ ትገባለች። የሚሮጥ ሰው እግር ስር የገባች ኳስ ቁርጭምጭሚት ታወልቃለች፣ ቀልድ አደለም። ህጉ አንድ ነው፣ ማንም "ኳስ!" ብሎ ከጮኸ ሁለቱም ሜዳ ይቆማል፣ ነጥቡ እንደገና ይጀመራል፣ ማንም አይነጫነጭም። የሌላ ሰው ኳስ ስትመልሱ በእግር አትምቱ፣ ነጥቡ ሲያልቅ አንከባላችሁ ወደ ኋላቸው ስደዱት። በር የሚከፍትም ሰው ነጥብ እስኪያልቅ ይጠብቅ፣ በሚሰርቭ ሰው ጀርባ "ይቅርታ ይቅርታ" እያሉ ማለፍ ይቅርታ አይሆንም። መሃል ላይ የሚጋረድ ነገር ብታገኙ ጥሩ ነው፣ አሮጌ የእግርኳስ ጎል መረብ ይበቃል።

ተንቀሳቃሽ መረብ ከውጭ ማስመጣት ከከበዳችሁ ብየዳ ቤት ሂዱ። ሁለት ቱቦላሬ አስቆርጣችሁ አሮጌ ጎማ ውስጥ ገትራችሁ ሲሚንቶ ሙሉበት፣ ለቮሊቦል ሰፈር ውስጥ የሚሰራው አይነት ማለት ነው። ወጪውን እንደ እቁብ ተራ በተራ አዋጣን፣ በቴሌብር፣ ቴኒሶቹ አልተጠየቁም፣ ለቴኒስ መረቡ ጥገና ግን እኛም እኩል እንከፍላለን ምክንያቱም እኛም እንጠቀምበታለን። እሷን ያልን ቀን ነው ፊታቸው የተፈታው።

ይሄ ሁሉ ሆኖ አንዳንዴ ሜዳው አይበቃም፣ ያኔ ከቴኒስ ሜዳ ውጭ አስቡ። የፒክልቦል የዙሪያ መስመር ከባድሜንተን ደብል ሜዳ ጋር እኩል ነው፣ የባድሜንተን መስመር ያለበት አዳራሽ ካለ መረብ ዝቅ ማድረግና የማድ ቤቱን መስመር መስራት ብቻ ነው የሚጠበቅባችሁ። የቮሊቦል ሜዳ ደሞ 18 በ9 ሜትር ነው፣ ፒክልቦል ከነመሯሯጫው ለመዝናኛ የሚፈልገው ቦታ ማለት ይቻላል። በኮሪደር ልማቱ ከተሰሩት ሁለገብ ሜዳዎች ጠዋት ላይ ባዶ የሚሆኑ አሉ፣ ቅርጫት ኳስ ልጆቹ የሚመጡት ከሰዓት ነው፣ እነሱንም ግን ጠይቁ፣ ጋሼን ያላየን ጊዜ ምን እንደሆንን ነግሬያችኋለሁ።

ክረምት ሲገባ ያ ሁሉ ሰዓት ይፈርሳል፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ከሰዓት በኋላ አብዛኛው ቀን ዝናብ ነው፣ ሁሉም ጠዋቱን ይፈልጋል። እኛ ሰኔ 1 ላይ ወረቀቱን አንስተን የክረምቱን እንሰቅላለን፣ ጠዋቱን በቀን እንከፍለዋለን፣ አንድ ቀን ሙሉ ጠዋት ለነሱ አንድ ቀን ለኛ። ሌሊት ከዘነበ መጀመሪያ የመጣ ሰው የየትኛውም ወገን ይሁን ውሃውን ይገፋል፣ የገፋ ሰው ደሞ ወረፋ ሳይጠብቅ የመጀመሪያውን ጨዋታ ይጫወታል፣ ይሄ ህግ ከወጣ ወዲህ ሰው ውሃ መግፊያው ላይ ይሻማል።

የመጨረሻ የሚወጣው ሰው ስራ ይሄ ነው፦ ከመነዳሪዎቹን ቆጥሮ ማንሳት፣ አስራ ስድስት ናቸው፣ ኳሶቹን ከአጥሩ ስር መልቀም፣ ሜዳውን መጥረግ፣ መጥረጊያውን መረቡ መሃል ገትሮ የላይኛው ምልክት ጋ መድረሱን ማየት፣ ከዛ መጥረጊያውን ከቁልፉ ጋር ጥበቃው ቤት ጀርባ ማስቀመጥ። ጥበቃው ከሌለ ቁልፉ ሱቁ ጋ ነው።